ቤት እንዲያይልኝ የመረጥኩት ሰው

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጣልያን ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ጣልያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ሁለተኛው ክረምት ይመስለኛል። ዓመቱ ቢጠፋብኝም ነገሩ ግን አልጠፋብኝም። ሰው ቤት ሊገዛ ነው በተባለ ቁጥር እየተነሣ ያናድደኛል። ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ «ቤት ልገዛ ነው፤ የሚያይልኝ ባለሙያ ማንን ልያዝ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ከልብ ሳቅሁ። ልጁ ያሾፍኩበት መስሎት ተቀየመኝ። ያሾፍኩትስ በራሴ ነበር።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ያን ጊዜ የምኖረው ለደብረ ማርቆስ ቅርብ በሆነችው አማኑኤል ሲሆን፣ በገበያ ቀን የስፌት መኪናዬን ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቼ እሠራ ነበር። ክፉ ቀን መጣና ጣልያን «ሽፍታ አሳድራችኋል» ብሎ መንደራችንን ለኮሰው። ሽፍታ የሚላቸው አርበኞቹን ነው። እኛ ያተረፍነው የስፌት መኪናዋን፣ አንድ ሣጥንና በቅሎዬን ብቻ ነበር።

ከባለቤቴ ከየሽመቤት ጋር ደብረ ማርቆስ ገብተን አክስቷ ቤት ተጠጋን። የአክስቷ ቤት ለራሳቸው ቤተ ሰብም አይበቃም፤ ሌሊት አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይነቃል። የሽ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። በሐምሌ ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ ሐሳቤ አንድ ብቻ ሆነ፤ ክረምቱ ሳይበረታ ለአራስ የሚሆን የራሳችን ጣራ ማግኘት።

በግንቦት መጨረሻ ከገበያው ጀርባ የሚሸጥ ቤት ተገኘ። ባለቤቱ አቶ አድማሱ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ቤቱን ሽጠው ደምበጫ ወደ ዘመዶቻቸው ሊመለሱ ነው። ቤቱ ሰፊ፣ ክብ የሣር ቤት ነበር። ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ ከሩቅ ያበራል። ክዳኑም አዲስ ሣር ነው። ገና ሳየው የስፌት መኪናዋን የማስቀምጥበትን ቦታ በዐይኔ መርጬ ጨረስኩ። ውስጡን ለቄስ የሚባለው እንዲህ ላለው ቤት መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

በእኛ አገር ቤት የሚገዛ ሰው እንጨት የሚያውቅ ሰው ይዞ ይሄዳል። ምሰሶው ምን ዛፍ እንደሆነ፣ ክዳኑ ስንት ክረምት እንደሚችል የሚያይለት ማለቴ ነው። የየሽ አክስት «ከአያ ንጉሤ ሌላ ሰው እንዳትይዝ» ብለው መከሩኝ። አያ ንጉሤ የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲሠሩ ያረጁ አናጢ ነበሩ። ቀጭን፣ ነጭናጫ፣ ሰላምታ እንኳ ቆጥበው የሚሰጡ ሽማግሌ ናቸው። ከትከሻቸው በማትወርድ አቁማዳ ውስጥ መሮና መዶሻ፣ ከዚያ ጋር ደግሞ ቆሎ ይይዛሉ።

አብረን ሄድን። የአቶ አድማሱ ባለቤት ዶሮ ሠርተው ጠብቀውናል። ከደጅ ስንገባ የእጅ ውኃ ይዘው ብቅ አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ። እኔ ቤቱን ሳላይ ውኃም አልቀምስ» አሉ አያ ንጉሤ።

«ኧረ በሞቴ! ከመንገድ ገብተው?»

«አልቀምስም ብያለሁ።»

ሦስት ጊዜ በሞቴ ተባሉ፤ ሦስት ጊዜ እምቢ አሉ። የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ። አቶ አድማሱ ወደ እኔ ዞረው «ምን ዓይነት ሰው ነው ያመጣህብኝ? የእኔ ቤት እህል እርም ነው?» አሉኝ። እኔ በኀፍረት የምገባበት ጠፋኝ። ሽማግሌው ግን ሰውም እህልም እንደሌለ ሁሉ በቀጥታ ወደ ምሰሶው ሄዱ። ምሰሶው ከላይ ጢስ ጠግቦ ጠቁሯል፤ ምን እንጨት እንደሆነ አይለይም። ከወገብ በታች ደግሞ በጭቃ ተለስኖ ኖራ ተቀብቷል።

«ይህን ለምን ለሰናችሁት?» ብለው ጠየቁ።

«ለውበት ነዋ!» አሉ አቶ አድማሱ።

«ምሰሶ ምን ያደርግለታል ውበት?»

ይህን ብለው መሯቸውን አወጡና ልስኑን ሊፍቁት ሲሉ አቶ አድማሱ ጮኹ። «ጎረቤት ስሙልኝ! እህሌን ንቆ ቤቴን ሊያፈርስብኝ ነው!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። «ይፍቁት፣ እኔ አስለስነዋለሁ» ማለት። ይህን ለማለት ጀግና መሆን አያስፈልግም፤ አፍ ያለው ሁሉ ይለዋል። እኔ ግን «አያ ንጉሤ፣ በቃ ይተዉት፤ ሌላ ቀን ይታያል» አልኩ። ሽማግሌው ገልመጥ አደረጉኝ፣ መሯቸውን አቁማዳቸው ውስጥ ከተቱ፣ ወጥተውም ሄዱ። እኔ ባልና ሚስቱን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ምግቡን ሳልነካ፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

የሽ ነገሩን ስነግራት «ታዲያ ምሰሶውን ለምን አላስፋቅኸውም?» አለችኝ።

«የሰው እህል የሚንቅ ሽማግሌ ነው። አሳፈረኝ እኮ!»

«ዶሮ እንዲበሉልህ ነው እንዴ የወሰድካቸው?»

መልስ ስላልነበረኝ ተቆጣሁ። ያን ጊዜ መልስ ያጣ ባል የሚያደርገው ይህንኑ ነበር፤ አሁንም ብዙ የተለወጠ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ሙላትን የመረጥኩት። ሙላት ለጣልያን መሬት ለኪዎች ጥቂት ወር የሠራ ሰው ነው። ሥራው የሜትር ጫፍ መያዝ ነበር። ጣልያኑ ሜትሩን እየዘረጋ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ሙላት ጫፏን ይዞ ይቆማል። ሌላ የተማረው ነገር የለም። ከሥራው ሲሰናበት ግን አንድ ያረጀ ሜትርና አንድ ኮፍያ ይዞ ወጣና ራሱን በራሱ «ጂኦሜትራ» ብሎ ሾመ። በጣልያንኛ መሬትና ቤት የሚለካ ባለሙያ ማለት ነው።

ከተማውም ሹመቱን አጸደቀለት። ያን ጊዜ ኮፍያ የደፋና ሁለት የጣልያን ቃል የሚያውቅ ሁሉ ሊቅ ነበር። ሰዎቹን በልባችን እንረግማለን፤ ኮፍያቸውን ያደረገ ሰው ሲናገር ደግሞ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። እኔም ከሚሰሙት አንዱ ነበርኩ። ዕድሜ ልኩን ከእንጨት ጋር የኖረውን ሽማግሌ አባርሬ፣ ሜትር ጫፍ ይዞ የቆመውን ባለሙያ ብዬ ያዝኩ።

በቀጠሮው ቀን ዶሮው እንደገና ተሠራ። ሙላት አልተግደረደረም። እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ፣ በላ። ሴትዮዋ አጎረሱት፤ «በሞቴ» ሲሉት ደገመ፤ ጠላውንም አላሳፈረም። እኔም አብሬ በላሁ። አቶ አድማሱ ፊታቸው በርቶ «ሰው እንዲህ ነው እንጂ!» አሉኝ። እኔም ባለፈው ያዋረደኝን ነገር ዛሬ አካክሼ ጣልኩት ብዬ ኮራሁ።

ከዚያ ልኬታው ሆነ። ሙላት የሜትሩን ጫፍ ለእኔ አስያዘኝና የበሩን ቁመት ለካ። የግድግዳውን ዙሪያ ለካ፣ መደቡን ለካ፣ ጥግ የተቀመጠችውን እንስራ ሳይቀር ለካ። ቤት ለመግዛት እንስራ ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅሁትም። በመጨረሻ ምሰሶው ዘንድ ደረሰ፤ በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ።

«ሰማህ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ጥድ ነው። የጥድ ድምፅ እንዲህ ነው።»

እኔ የሰማሁት የሙላትን ግሳት ብቻ ነው። ቢሆንም ራሴን ነቀነቅሁ። እሱም ከወረቀት ላይ በእርሳስ የሆነ ነገር ጫር ጫር አደረገና «ፔርፌቶ!» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«እንከን የለውም ማለት ነው። ይህን ቤት መድፍም አይጥለው።»

ልብ በሉ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ክንድ አቡጀዲ ስገዛ እንኳ ገልብጬ፣ ወደ ፀሐይ አንሥቼ፣ ጫፉን በጥርሴ ስቤ ነው። ነጋዴው ቢቆጣ ግድ የለኝም። ሚስቴ ለምትወልድበት ቤት ግን አንድ ሰው ጠግቦ ሲያገሳ ሰምቼ በቃኝ አልኩ።

በቅሎዬን ሸጥኩ፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ተመርቆ፣ ቤቱ የእኛ ሆነ። አቶ አድማሱ በሳምንቱ ዕቃቸውን ጭነው ደምበጫ ሄዱ።

ሰኔ ገባና ዝናቡ ጀመረ። የሽ ጠዋት ጠዋት ቤቱን ስትጠርግ ከምሰሶው ሥር ደቃቅ ዱቄት ታገኛለች። ትጠርገዋለች፤ በማግሥቱ ተመልሶ ይገኛል። አንድ ቀን በመዳፏ አፍሳ አሳየችኝ።

«ኖራው ነው የሚረግፈው» አልኳት።

«ኖራ ቢጫ ነው እንዴ?»

«እርጥበት ነክቶት ይሆናል።»

እንዲህ እያልኩ ሳምንታት አለፉ። እውነቱን ለመናገር እኔም አንዳንዴ ምሰሶውን አየት አደርግና ዐይኔን እመልስ ነበር። ቤቱ ተሸጦልኛል፣ ሻጩ ሄዷል፣ በቅሎዋ ሄዳለች። መጥፎ ቢሆንስ ምን ላደርግ ነው? ደግሞ አያ ንጉሤ ዘንድ ሄጄ «ተሳስቻለሁ» ከማለት ዱቄት መጥረግ ይሻለኝ ነበር። የሚጠርገውስ መቼ እኔ ሆንኩና።

በሐምሌ አጋማሽ የሽ እኔን ማማከር ተወች። ሆዷ እስከዚያ ድረስ ገፍቶ፣ በዚያ ጭቃ፣ በትር ተደግፋ አያ ንጉሤ ቤት ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌውን አስከትላ ስትመጣ እኔ የአንድ ደንበኛ ሱሪ እየሰፋሁ ነበር። አያ ንጉሤ ሰላም እንኳ አላሉኝም። በቀጥታ ወደ ምሰሶው ሄደው ከሥሩ ያለውን ልስን በመሯቸው ገፈፉት። ከዚያ መሮውን እንጨቱ ላይ ደገፍ አድርገው በመዳፋቸው ገፉት። መዶሻ አላስፈለጋቸውም። መሮው እስከ እጀታው ሰጠመ። ሲስቡት ያ ቢጫ ዱቄት ተከትሎት ፈሰሰ።

«ብሳና» አሉ።

እኔ ደንግጬ «ብሳና ይነቅዛል እንዴ?» አልኩ።

«ለእንጨት ሁሉ ማን አስተማረና!» አሉኝ። ይህ ተረት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያን ጊዜ የነበረኝን መልክ ይገምተው።

ከዚያ መደቡ ላይ ወጥተው እጃቸውን ክዳኑ ውስጥ አስገቡ። የጠቆረና የበሰበሰ ሣር ጨብጠው አወጡ። አቶ አድማሱ አዲሱን ሣር ያለበሱት አሮጌውን ሳያነሡ ነበር። «ዝናብ ሲጠጣ ሁለት ጣራ ነው ይኸ» አሉ። ወደ ደጅ ወጥተው ሰማዩን አዩ፤ በጨሞጋ ወንዝ በኩል ጥቁር ደመና እየመጣ ነበር። ሲመለሱ ድምፃቸው ተለውጧል።

«ሚስትህን አውጣት። አሁኑኑ!»

ጎረቤታችን አንዲት መነኩሴ ነበሩ፤ ብቻቸውን በትንሽ ጎጆ የሚኖሩ። የሽን ወደዚያ ወሰድኳት። ሣጥኑንና አልጋውን አወጣን። እኔና አያ ንጉሤ የስፌት መኪናዋን ተሸክመን ስንወጣ በረዶው መውረድ ጀመረ። እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ከእኔ እኩል ተሸክመው፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ብዬህ ነበር» አላሉም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ከእማሆይ በር ላይ ቆመን አየን። በረዶው ክዳኑን አነጣው። ትንሽ ቆየና መካከሉ ሰረጎደ። ከዚያ ምሰሶው ተሰበረ፤ ጣራው በሙሉ ወደ ውስጥ ተቀመጠ፤ ያ በኖራ ያበራ የነበረ ግድግዳም በሁለት በኩል ተዘረጋ። የሽ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከበሩ ላይ ሆና ፍርስራሹን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች።

«ፔርፌቶ» አለችኝ።

ያን ቀን እማሆይ ሽሮ ሠርተው አቀረቡ። አያ ንጉሤ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና በደንብ በሉ፤ ጨምሩልኝ እስከ ማለት ደረሱ። እህል የሚንቅ ሽማግሌ ነው ብዬ ለከተማው ሁሉ ስላወራሁ፣ አበላላቸውን እያየሁ ግራ ገባኝ። ልጃችን በሦስተኛው ቀን እዚያው እማሆይ መደብ ላይ፣ በሰው ቤት ተወለደች። እኔ ደጅ ጆንያ ተከናንቤ ዝናብ ሲወርድብኝ ዋልኩ። አባቷ የገዛላት ቤት ከፊት ለፊቷ ተኝቷል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ጮኽኩ። ደምበጫ ድረስ ሄጄ አቶ አድማሱን ሽማግሌ ፊት አቆምኳቸው። «የራሱ ዐዋቂ አይቶ፣ ለክቶ፣ እንከን የለውም ብሎለታል» አሉ። ሽማግሌዎቹም ለሳቸው ፈረዱ። ከዚያ ወዲያ ለማን ልክሰስ? ቤቴን ላቃጠለብኝ ለጣልያን ነው ስለ ቤት የምከሰው?

የቀረኝ ሙላት ነበር። ጠጅ ቤት አገኘሁት፤ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ፣ ሜትሩ ወገቡ ላይ። ሰው ሁሉ እየሰማ «ብሳናውን ጥድ ነው አልከኝ! ሚስቴን ልትገድልብኝ ነበር!» አልኩት። ይክዳል፣ ወይም ይደነግጣል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

«መንቀዙን ዐውቄያለሁ» አለ። «ስመታው እኮ ባዶ ነው የጮኸው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ሙላት በትዝብት አየኝ። «የሰውየውን ዶሮ በልቼ? ሚስቱ በእጇ አጉርሳኝ? እዚያው ቁጭ ብዬ ቤትህ ነቅዟል ልበለው? እኔን እናቴ እንዲያ አድርጋ አላሳደገችኝም።»

ጠጅ ቤቱን ዞር ብዬ አየሁ፤ የሚፈርድልኝ ሰው ፍለጋ። ጠጪው ሁሉ ለሙላት ራሱን ይነቀንቃል። አንድ የተከበሩ ሰው እንዲያውም «ልጁ እውነቱን ነው፤ ነውር ነው» አሉ። የእኔ ቤት መፍረሱ ነውር አልነበረም። የየሽ በሰው መደብ ላይ መውለድም ነውር አልነበረም። ነውር የሚሆነው ዶሮ በልቶ እውነት መናገር ነው።

የአያ ንጉሤ ቆሎ ያን ጊዜ ገባኝ። ሽማግሌው እህል ንቀው አልነበረም። አገራቸውን ስለሚያውቁ፣ ራሳቸውንም ስለሚያውቁ፣ ምሳቸውን ይዘው ነው ለሥራ የሚወጡት። የጎረሰ አፍ እንደማይታዘዛቸው ያውቁታል።

በጥቅምት እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ቤት ሠሩልኝ፤ ምሰሶዋ ጥድ ነው፤ ምንም አልተለሰነም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። ጀምሬ አንድም ቀን አልጨረስኩትም፤ ይህም ይሉኝታ ሆኖ ነው መሰል። ዛሬ እሳቸውም የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ሙላትን ስንት ዓመት ስሰድበው ኖሬያለሁ። ሆዳም ብዬዋለሁ፣ የጣልያን ኮፍያ ብዬዋለሁ፣ ከዚህም የባሰ ብዬዋለሁ፤ አንዱም አይቆጨኝም። ሆኖም እያረጀሁ ስሄድ እሱን መስደብ እንደ ድሮው አያረካኝም። ሙላት አፉ የታሰረው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጎርሶ ነው። እኔ አያ ንጉሤን ከዚያ ምሰሶ ሥር ሳባርር ገና እጄን እንኳ አልታጠብኩም ነበር።